ቢሆንና እስኪሆን፤ ለጀማሪ የፕሮግራም ጸሐፊ በባሕረ ሐሳብ የሚደረግ ልምምድ

የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ የሳይንስና የኢንጂኔሪንግ ተማሪዎች ሥራ ብቻ ነው የሚል አሳብ በእኛ በአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። እኔም ይህንኑ አሳብ ይዤ ሁለት ዓመት ቈይቻለሁ። ነገሩን ከጀመርሁ በኋላ የተረዳሁት ግን፥ ለጀማሪው የሚያስፈልገው ከፍተኛ ሒሳብ ሳይሆን አሳቡን በቅደም ተከተል አስቀምጦ «ይህ ቢሆን ይህን አድርግ፤ ያ እስኪሆን ድረስ ይህን ደጋግም» ብሎ መናገር መቻል መሆኑን ነው። ይህ ደግሞ ሰዋስው ወይም ሕግ ለተማረ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

ሆኖም ለጀማሪዎች በተጻፉት መጻሕፍት የሚገኙት መልመጃዎች ብዙውን ጊዜ ጣዕም የላቸውም። ከ1 እስከ 10 ቍጠር፤ ጎዶሎ ቍጥሮችን ለይ፤ በኮከብ ምልክት ሦስት ማዕዘን ሥራ ይላሉ። ተማሪው እነዚህን ይሠራል፤ በማግሥቱም ይረሳል። መልሱ ትክክል ይሁን ስሕተት ግድ የሚሰጠው ማንም የለም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሌላ የልምምድ መንገድ ለማሳየት እሞክራለሁ። ይኸውም በአገራችን ሲሠራበት የኖረው የዘመን አቈጣጠር፥ ባሕረ ሐሳብ ነው። መልሱ በየቤቱ በተሰቀለው የቀን መቍጠሪያ ላይ ስለሚገኝ ተማሪው ራሱን በራሱ ሊያርም ይችላል። ከዚህም በላይ፥ ከዚህ በታች እንደምናገረው፥ መልሱ ትክክል ሆኖ መንገዱ ስሕተት ሊሆን እንደሚችል በራሴ ላይ ደርሶ ያየሁት በዚሁ ልምምድ ነው።

1. ሁለቱ መሣሪያዎች

ፕሮግራም ማለት ለኮምፒዩተር የሚሰጥ የትእዛዝ ዝርዝር ነው። ኮምፒዩተሩ ትእዛዞቹን ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ይፈጽማል። ከዚህ ተራ አካሄድ የሚያወጡት መሣሪያዎች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ምርጫ ነው፤ ፓይተን በሚባለው ቋንቋ «ኢፍ» እና «ኤልስ» በሚሉት ቃላት ይጻፋል፤ እኔ «ቢሆን» እና «ያለዚያ» እላቸዋለሁ። ሁለተኛው ድግግሞሽ ነው። ድግግሞሽ ሁለት ዓይነት አለው፤ ስንት ጊዜ እንደሚደገም አስቀድሞ ሲታወቅ «ፎር»፥ የማይታወቅ ሲሆን «ዋይል» ይባላል።

በ1966 እ. ኤ. አ. ኮራዶ ቦምና ጁዜፔ ያኮፒኒ የተባሉ ሁለት ኢጣልያውያን፥ ማናቸውም በኮምፒዩተር ሊሰላ የሚችል ስሌት በተከታታይ ትእዛዝ፥ በምርጫና በድግግሞሽ ብቻ ሊጻፍ እንደሚችል አረጋግጠው አሳትመዋል። ስለዚህ ጀማሪው እነዚህን ሁለት መሣሪያዎች አጥብቆ ቢለማመድ ጊዜውን በከንቱ አላጠፋም።

ሦስተኛ አንድ ነገር ልጨምር። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት አንድን ቍጥር በሌላ ቍጥር አካፍለው ቀሪውን ብቻ መያዝን «መግደፍ» ይሉታል። 110 በ30 ሲገደፍ 20 ይቀራል። ፓይተን ለዚህ ሥራ የራሱ ምልክት አለው። ከዚህ በታች «ተገድፎ» ባልሁበት ሁሉ ይህን መረዳት ነው።

2. የመጀመሪያው ልምምድ፤ ወንጌላዊውና ጳጉሜን

ከ4ቱ ወንጌላውያን የአንዱ ስም ለየዓመቱ ይሰጣል። ዓመቱ በ4 ተገድፎ 1 ቢቀር ማቴዎስ፥ 2 ቢቀር ማርቆስ፥ 3 ቢቀር ሉቃስ፥ ምንም ባይቀር ዮሐንስ ነው። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን 6 ቀን ይሆናል፤ በሌሎቹ 5 ቀን ነው። ይህን በትእዛዝ መልክ እንጻፍ፤

ለእያንዳንዱ ዓመት ከ2000 እስከ 2019፤
— ቀሪ = ዓመት በ4 ተገድፎ
— ቀሪ 1 ቢሆን «ማቴዎስ» ብለህ ጻፍ
— ያለዚያ ቀሪ 2 ቢሆን «ማርቆስ» ብለህ ጻፍ
— ያለዚያ ቀሪ 3 ቢሆን «ሉቃስ፥ ጳጉሜን 6» ብለህ ጻፍ
— ያለዚያ «ዮሐንስ» ብለህ ጻፍ

ጀማሪው እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ያስተውል። አንደኛ፥ የመጨረሻው «ያለዚያ» ምንም ጥያቄ የለውም፤ ከላይ ያሉት ሁሉ ካልሆኑ ቀሪው ከ0 በቀር ሌላ ሊሆን አይችልምና። ሁለተኛ፥ በፓይተን አንድ የእኩል ምልክት ማለት «ይህን ዋጋ ያዝ» ማለት ሲሆን፥ «እኩል ነውን?» ብሎ ለመጠየቅ ሁለት የእኩል ምልክት ያስፈልጋል። ሦስተኛና ዋነኛው፥ «ሬንጅ» የሚባለው የፓይተን ቃል የመጨረሻውን ቍጥር አይጨምርም። ከ2000 እስከ 2019 ያሉትን የሉቃስ ዓመታት ቍጠር ተብሎ «ሬንጅ 2000፥ 2019» ብሎ የጻፈ ሰው 2003፥ 2007፥ 2011ና 2015ን አግኝቶ «4 ናቸው» ይላል። 2019 ግን ሉቃስ ነው፤ ትክክለኛው መልስ 5 ነው። ስለዚህ የላይኛው ወሰን 2020 ተብሎ መጻፍ አለበት። ፕሮግራሙ ምንም የስሕተት ምልክት ስለማያሳይ ጀማሪው ሁልጊዜ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዙር በእጁ ቈጥሮ ማየት ይገባዋል።

የጎርጎርዮስን አቈጣጠር ማነጻጸርም ጥሩ ልምምድ ነው። በዚያ አቈጣጠር ለ4 የሚካፈል ዓመት 366 ቀን አለው፤ ለ100 የሚካፈል ከሆነ ግን የለውም፤ ለ400 የሚካፈል ከሆነ ደግሞ አለው። 1900 አልነበረውም፤ 2000 ነበረው። ጥያቄውን ከ4 የጀመረ ሰው 1900ን ይስታል፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው «ቢሆን» ከተፈጸመ በኋላ ሌሎቹ አይጠየቁም። ከ400 ጀምሮ ወደ 100፥ ከዚያም ወደ 4 መውረድ ያስፈልጋል። ጠባቡ ሁኔታ ይቅደም፤ ሰፊው ይከተል።

3. ሁለተኛው ልምምድ፤ ዕለተ ዮሐንስ

መስከረም 1 በምን ዕለት እንደሚውል ለማወቅ፥ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ጨምሮ ዓመተ ዓለምን ማግኘት ነው። ዓመተ ዓለሙ ለ4 ተካፍሎ ቀሪው ሲጣል መጠነ ራብዒት ይባላል። ሁለቱ ተደምረው በ7 ሲገደፉ፥ 0 ሰኞ፥ 1 ማክሰኞ፥ 2 ረቡዕ፥ 3 ሐሙስ፥ 4 ዓርብ፥ 5 ቅዳሜ፥ 6 እሑድ ይሆናል። ለምሳሌ በ2018 ዓመተ ዓለሙ 7518፥ መጠነ ራብዒቱ 1879፥ ድምሩ 9397 ነው። በ7 ሲገደፍ 3 ይቀራል፤ ስለዚህ ሐሙስ ነው።

አሁን «እስኪሆን» የሚባለውን ድግግሞሽ እንለማመድበት። ጥያቄው ይህ ነው፤ የ2015 ዕለተ ዮሐንስ እሑድ ነበረ፤ ቀጥሎ እሑድ የሚውለው መቼ ነው? ስንት ጊዜ እንደምንደግም ስለማናውቅ «ዋይል» ያስፈልጋል፤

ዓመት = 2016
ዕለቱ 6 እስኪሆን ድረስ፤
— ዓመት = ዓመት + 1
ዓመትን ጻፍ

ዓመቱን ከ2015 የጀመረ ሰው፥ ዕለቱ ያን ጊዜውኑ 6 ስለ ሆነ፥ ድግግሞሹ አንድም ዙር ሳይሠራ 2015ን ይጽፍለታል። «ዓመት + 1» የሚለውን የረሳ ሰው ደግሞ ፕሮግራሙ ለዘላለም 2016ን ሲጠይቅ ይኖራል። ዕለቱ በየዙሩ እንደገና መሰላት እንዳለበት የረሳም ሰው እንዲሁ ነው። በትክክል የተጻፈው ፕሮግራም 2020 ይላል። 2016 ማክሰኞ፥ 2017 ረቡዕ፥ 2018 ሐሙስ፥ 2019 ዓርብ ነው፤ የ2019 ጳጉሜን 6 ስለ ሆነች ቅዳሜን ዘሎ 2020 እሑድ ይሆናል።

4. ሦስተኛው ልምምድ፤ ፋሲካ

አሁን ሁለቱን መሣሪያዎች አጣምረን ፋሲካን እንፈልግ። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይህን ስሌት 12ኛው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ ለነበረው ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል። ደረጃዎቹ እነሆ፤

1ኛ. ዓመተ ዓለምንና የመስከረም 1ን ዕለት ከላይ እንደ ተባለው አግኝ።
2ኛ. ዓመተ ዓለሙን በ19 ገድፍ፤ ከቀሪው 1 ቀንስ፤ ይህ ወንበር ነው። ቀሪው 0 ቢሆን ግን ወንበሩ 18 ነው።
3ኛ. ወንበሩን በ19 አባዝተህ በ30 ገድፍ፤ ይህ መጥቅዕ ነው። 0 ቢሆን 30 በል።
4ኛ. መጥቅዕ ከ14 ቢበልጥ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፥ ያለዚያ በጥቅምት ይውላል። የዋለበትን ዕለት ቈጥረህ አግኝ።
5ኛ. የዕለቱን ተውሳክ ውሰድ፤ የቅዳሜ 8፥ የእሑድ 7፥ የሰኞ 6፥ የማክሰኞ 5፥ የረቡዕ 4፥ የሐሙስ 3፥ የዓርብ 2 ነው።
6ኛ. መጥቅዕና ተውሳክን ደምር። በዓለ መጥቅዕ በመስከረም የዋለ እንደ ሆነ፥ ድምሩ ከ30 ባይበልጥ ጾመ ነነዌ በጥር በዚያ ቀን ይገባል፤ ቢበልጥ 30 ተቀንሶለት በየካቲት ይሆናል። በጥቅምት የዋለ እንደ ሆነ ሁልጊዜ በየካቲት ነው።
7ኛ. በነነዌ ቀን ላይ 9 ጨምር። ነነዌ በጥር ከሆነ ፋሲካ በመጋቢት ነው፤ ከ30 ቢያልፍ 30 ተቀንሶለት ወደ ሚያዝያ ይሻገራል። ነነዌ በየካቲት ከሆነ ፋሲካ በሚያዝያ ነው።

በ2018 እንፈትነው። 7518 በ19 ሲገደፍ 13፤ ወንበር 12። 12 በ19 ተባዝቶ 228፤ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18። ከ14 ስለሚበልጥ መስከረም 18 ነው፤ መስከረም 1 ሐሙስ ስለ ነበረ መስከረም 18 እሑድ ይሆናል። ተውሳኩ 7፤ ድምሩ 25፤ ነነዌ ጥር 25። 9 ሲጨመር መጋቢት 34፤ ይኸውም ሚያዝያ 4 ነው። የቀን መቍጠሪያውም እንዲሁ ይላል።

የተውሳኩን 7 ምርጫ በ7 «ቢሆን» መጻፍ ይቻላል። ነገር ግን ዕለቶቹን ከሰኞ 0 ብለን ስለ ቈጠርን፥ ዕለቱ ከ5 ቢያንስ 6 ሲቀነስ ዕለት፥ ያለዚያ 13 ሲቀነስ ዕለት ብሎ በሁለት መጨረስም ይቻላል። ጀማሪው መጀመሪያ በ7ቱ ይጻፈው፤ ከዚያ በሁለቱ ይጻፈው፤ ሁለቱም ለ7ቱ ዕለታት አንድ መልስ መስጠታቸውን በድግግሞሽ ያረጋግጥ።

5. ትክክለኛ መልስ የሰጠ የተሳሳተ ፕሮግራም

ይህን ፕሮግራም በአንድ ምሽት ጻፍሁት። በ2ኛው ደረጃ ላይ ያለችውን «ቀሪው 0 ቢሆን» የምትለውን ግን ረሳኋት። ፕሮግራሙን በ2015፥ በ2016፥ በ2017ና በ2018 ፈተንሁት፤ ሁሉም ልክ ነበረ። የ2005ንም ጠየቅሁት፤ ሚያዝያ 27 አለኝ፤ እርሱም ልክ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ስለ ሆኑ፥ ለጥንቃቄ ብዬ ይህንንም የሚፈትን «ቢሆን» አስገብቼ ነበር፤ እርሱም አለፈ። በዚህ ተደስቼ፥ በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ለተማሩት ለአያቴ ላሳያቸው ሄድሁ።

አያቴ ስለ ፋሲካው አልጠየቁኝም። «መጥቅዑን ንገሪኝ» አሉ። የ2005ን ከፍቼ «11 ይላል» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው፥ «ልጄ፥ 11 የሚባል መጥቅዕ የለም፤ እንደገና ቍጠሪ» አሉ። እኔም ፋሲካው ልክ ነው ብዬ ተከራከርሁ። እርሳቸው ግን በጣታቸው ቈጥረው፥ «የዚያ ዓመት 12 ነው» አሉኝ።

ወደ ቤት ተመልሼ መረመርሁት። የ2005 ዓመተ ዓለም 7505 ነው፤ በ19 ሲገደፍ ምንም አይቀርም። ፕሮግራሜ ከ0 አንድ ቀንሶ ወንበሩን ከዜሮ በታች 1 አደረገው። ይህ በ19 ሲባዛ ከዜሮ በታች 19 ነው፤ ፓይተንም ይህን በ30 ሲገድፈው 11 ያወጣል። አበቅቴውም በዚሁ መንገድ 19 ስለ ወጣ ድምሩ 30 ሆነና የእኔ ጥንቃቄ ተታለለ። በሲ ቋንቋ ጽፌው ቢሆን ኖሮ ቀሪው ከዜሮ በታች 19 እንደ ሆነ ስለሚቀር፥ የሚያዝያ ቀን ከዜሮ በታች ወጥቶ ስሕተቱ ወዲያው በታየ ነበር።

ታዲያ መጥቅዑ ተሳስቶ ፋሲካው እንዴት ልክ ሆነ? ምስጢሩ በተውሳኩ ውስጥ ነው። ተውሳክ የተሠራው ነነዌ ሁልጊዜ ሰኞ እንዲውል ነው። ስለዚህ ከቅዳሜ እስከ ዓርብ ባለው ሳምንት ውስጥ መጥቅዕ በየትኛውም ዕለት ቢውል ወደ አንድ ሰኞ ይደርሳል። በ2005 ጥቅምት 12 ሰኞ ነበረ፤ ተውሳኩ 6፥ ድምሩ 18። የእኔ ጥቅምት 11 እሑድ ነበረ፤ ተውሳኩ 7፥ ድምሩ 18። አንድ ቀን ብሳሳትም ተውሳኩ አረመኝ። ስሕተቱ የሚታየው ትክክለኛው መጥቅዕ ቅዳሜ ሲውል ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ የእኔ ዓርብ ላይ ወድቆ ወዳለፈው ሳምንት ይሄዳል።

ቀሪያቸው 0 የሆኑትን ሌሎች ዓመታት አየሁ። 1967፥ 1986፥ 2005፥ 2024፤ በሁሉም የተሳሳተው ፕሮግራሜ ትክክለኛውን ፋሲካ ይሰጣል። በ2043 ግን ጥቅምት 12 ቅዳሜ ይውላል። ትክክለኛው ፋሲካ ሚያዝያ 29 ሲሆን የእኔ ፕሮግራም ሚያዝያ 22 ይላል፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ያስቀድመዋል። ይህን ፕሮግራም ዛሬ ለአንድ መሥሪያ ቤት ሰጥቼ ቢሆን ኖሮ፥ እስከ 2043 ድረስ ማንም ሳይጠረጥረው ይሠራበት ነበር፤ በ2043ም ሕዝቡ በሰሙነ ሕማማት ጾም ላይ ሳለ በዓሉ ነው ባለ ነበር።

6. ከዚህ የሚገኝ ትምህርት

አንደኛ፥ ጥቂት ምሳሌ ልክ መሆኑ ፕሮግራሙ ልክ ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም። ባሕረ ሐሳብ ለዚህ ታላቅ ዕድል ይሰጠናል፤ 19 በ28 ሲባዛ 532 ይሆናል፤ ይህም ዓቢይ ቀመር ይባላል። ከ532 ዓመት በኋላ ሁሉም ነገር እንደገና ይደገማል። ስለዚህ 532 ዙር ያለው አንድ ድግግሞሽ ጽፈን ያለውን ሁሉ መፈተን እንችላለን። የተሳሳተውንና የታረመውን ፕሮግራም ጎን ለጎን ባስኬዳቸው በ532 ዓመት ውስጥ የሚለያዩት በ4 ዓመት ብቻ ነው። በዕጣ ጥቂት ዓመታት የፈተነ ሰው እነዚህን 4 ሊያገኛቸው አይችልም ለማለት ይቻላል።

ሁለተኛ፥ የመጨረሻውን መልስ ብቻ ሳይሆን በመካከል ያሉትንም ዋጋዎች ማሳተምና መመልከት ያስፈልጋል። መጥቅዕ ሊሆኑ የሚችሉት 19 ቍጥሮች ብቻ ናቸው፤ 2፥ 4፥ 5፥ 7፥ 8፥ 10፥ 12፥ 13፥ 15፥ 16፥ 18፥ 19፥ 21፥ 23፥ 24፥ 26፥ 27፥ 29ና 30። «መጥቅዕ ከእነዚህ አንዱ ባይሆን አቁም» የምትል አንዲት «ቢሆን» ብትኖረኝ ኖሮ አያቴን ባላስቸገርሁ ነበር። እንዲሁም ነነዌ ከጥር 17 እስከ የካቲት 21፥ ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ብቻ ይውላሉ፤ ይህንንም ማስፈተን ይገባል። ይሁን እንጂ ይህ የወሰን ፈተና የእኔን ስሕተት አይዘውም፤ ሚያዝያ 22 በወሰኑ ውስጥ ነውና። ስለዚህ አንድ ፈተና አይበቃም።

ሦስተኛ፥ በየ«ቢሆን»ው ላይ በወሰኑ ያሉትን ቍጥሮች መጠየቅ ነው። ቀሪው 0 ቢሆንስ? 1 ቢሆንስ? ድምሩ በትክክል 30 ቢሆንስ? 31 ቢሆንስ? ስሕተት የሚደበቀው በመካከል ሳይሆን በዳር ነው።

አራተኛ፥ ነገሩን የሚያውቀውን ሰው መጠየቅ ነው። ኮምፒዩተሩ የተናገርነውን እንጂ ያሰብነውን አይሠራም፤ የጐደለችውን አንዲት ሁኔታ የነገረኝ ማሽኑ ሳይሆን 19ኙን መጥቅዖች በቃላቸው የያዙ ሽማግሌ ናቸው። እኛ የአርትስ ተማሪዎች ታሪክን፥ ቋንቋን፥ የሊቃውንቱን ትምህርት የምናጠና እንደ መሆናችን፥ ወደዚህ ሥራ ባዶ እጃችንን አንገባም።

7. መልመጃ

ሀ. በ13 ወራት የሚዞር ድግግሞሽ ጻፍ፤ ወሩ እስከ 12 ቢሆን 30፥ ያለዚያ እንደ ወንጌላዊው 5 ወይም 6 ይደመር። ድምሩ 365 ወይም 366 መሆኑን አረጋግጥ።
ለ. የ2017ንና የ2019ን ፋሲካ መጀመሪያ በእጅ፥ ቀጥሎ በፕሮግራም አግኝ።
ሐ. በ2006 ወንበሩ 0 ነው። «0 ቢሆን 30 በል» የምትለዋን ሁኔታ ብታወጣት ፋሲካው ይለወጣልን? ለምን?
መ. በ532 ዓመት ውስጥ ፋሲካ በመጋቢት የሚውለው ስንት ጊዜ ነው? በድግግሞሽ ቍጠር።

የለ መልስ ሚያዝያ 12ና ሚያዝያ 24 ነው። የሐ መልስ «አይለወጥም» ነው፤ ጥቅምት 0 ማለት መስከረም 30 ማለት ስለ ሆነ ሁለቱም መንገዶች ሚያዝያ 12 ያደርሳሉ። ይህች ሁኔታ ብትረሳ ጉዳት የላትም፤ የ18ኛው ወንበር ሁኔታ ግን ጉዳት አላት። የትኛዋ ጉዳት እንዳላት አስቀድሞ ማወቅ ስለማይቻል ሁለቱንም መጻፍ ይሻላል። የመን መልስ አልሰጥም፤ ፕሮግራሙን በትክክል የጻፈ ሁሉ ያገኘዋል፤ ሁለት ጓደኛሞች ለየብቻ ጽፈው ቍጥራቸውን ቢያስተያዩ ደግሞ የበለጠ ይጠቀማሉ።